የፒንክ ፍሎይድ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር»፦ ረጅሙ ሙዚቃ ለሁለት መከፈሉ ተገቢ ነበርን?

ባለካሴቱ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ አጭር ቢሆንም ከየት እንደመጣ ካልተናገርሁ ትርጉም አይኖረውም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የብሪታንያው የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ በሴፕቴምበር 1975 ያወጣውን አልበም፣ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» («ምነው እዚህ በኖርህ» ማለት ነው) መጀመሪያ የሰማሁት ታላቅ ወንድሜ በሰጠኝ የ90 ደቂቃ ካሴት ነው። አልበሙ በጠቅላላው 44 ደቂቃ ያህል ስለሆነ የካሴቱ አንዱ ገጽ ሙሉውን ይይዘዋል፤ ሸክላ የሚያዳምጥ ሰው በመሃል ተነሥቶ መገልበጥ ሲኖርበት እኔ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳላቋርጥ እሰማው ነበር። እስከ መድረሻው ማለቴም ፍጹም ትክክል አይደለም። ካሴቱን የቀዳው ሰው ከፊቱ የሌላ ዘፈን ጭራ ስላስቀረበት ቴፑ ከሙዚቃው ቀድሞ ያልቅ ነበር፤ በመጨረሻው ክፍል ላይ ኪቦርዱ በዝግታ እየሄደ ሳለ የቴፑ ቁልፍ ቷ ብሎ ይነሣና ቤቱ ጸጥ ይላል። ለብዙ ዓመታት የዚህ አልበም መጨረሻ ለእኔ ያ የቁልፍ ድምፅ ነበር።

አልበሙን ለማያውቁት ያህል፣ በውስጡ ያሉት አምስት ሙዚቃዎች ብቻ ናቸው። ዋነኛው «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» የተባለው ባለ ዘጠኝ ክፍል ሥራ ሲሆን፣ ከክፍል 1 እስከ 5 ያለው አልበሙን ይከፍተዋል፤ ከክፍል 6 እስከ 9 ያለው ደግሞ ይዘጋዋል። በመካከሉ «ዌልካም ቱ ዘ ማሽን»፣ «ሃቭ ኤ ሲጋር» እና የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ይገኛሉ። ረጅሙ ሥራ የተጻፈው ባንዱን ከመሠረቱት አንዱና የመጀመሪያው የዘፈን ደራሲው ስለነበረው፣ የአእምሮ ጤናው ሲታወክ በ1968 ከጓደኞቹ ስለተለየው ስለ ሲድ ባሬት ነው።

በቅርቡ አንድ ሙዚቃ ዐዋቂ ወዳጄ ሁለቱን ቁራጮች በኮምፒውተር አጋጥሞ፣ 26 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ አንድ ወጥ ሙዚቃ አድርጎ ላከልኝና «ሙዚቀኞቹ ያሰቡት ይህንን ነው፤ የከፈለው የሸክላው ጥበት ነው» አለኝ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ውበቱን ልክድ አልችልም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ከክፍል 5 ወደ ክፍል 6 ሲሻገር አንድ ነገር የተሰረቀብኝ ያህል ይሰማኛል። ይህ ስሜት ከልጅነት ልማድ የመጣ ነው ወይስ ሥራው ራሱ የተከፈለው በምክንያት ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የሸክላ ወዳጅ፦

ወዳጅዎ የነገሩዎት ከፊሉ እውነት ነው፤ ዋናው ግን አይደለም።

እውነቱ፣ ሥራው ሲወለድ አንድ ወጥ መሆኑ ነው። ባንዱ በጁን 1974 በፈረንሳይ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም በብሪታንያ ሲዞር ሙሉውን ሳይከፍል ነበር በመድረክ ላይ የተጫወተው። ከእርሱ ጋር ሌሎች ሁለት አዳዲስ ረጃጅም ዘፈኖች ነበሩ። ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር የሸክላው አንድ ገጽ በ«ሻይን ኦን»፣ ሌላው ገጽ በሁለቱ ዘፈኖች እንዲሞላ ፈልጎ ነበር። እንግዲህ ድምፁ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ 26 ደቂቃ በአንድ ገጽ ላይ ይገባል፤ ጉዳዩ የሸክላ ጥበት ቢሆን ኖሮ ይህ ሐሳብ ከመጀመሪያውም ባልቀረበ ነበር። ለሁለት እንዲከፈል ያደረገው ቤዝ ጊታር ተጫዋቹና የግጥሞቹ ደራሲ ሮጀር ዋተርስ ነው። ሁለቱ ዘፈኖች ከዚህ ሐሳብ ጋር አይሄዱም ብሎ ተከራከረ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይትና ድራመሩ ኒክ ሜሰን ከእርሱ ጋር ቆሙ፣ ጊልሞርም በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ። የተገለሉት ሁለቱ ዘፈኖች ተሻሽለው በ1977ቱ አልበም «አኒማልስ» ላይ «ዶግስ» እና «ሺፕ» ተብለው ወጥተዋል፤ ስለዚህ የጠፋ ነገር የለም።

ዋተርስ ለምን እንዲህ እንዳሰበ ለመረዳት በጃንዋሪ 1975 በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ የነበረውን ሁኔታ ማሰብ ያስፈልጋል። ከሁለት ዓመት በፊት ያወጡት «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በዓለም ዙሪያ ተሽጦላቸው አንድ ባንድ ሊመኘው የሚችለውን ሁሉ አግኝተዋል፤ ስቱዲዮ ገብተው ግን ምን እንደሚሠሩ አላወቁም። ቀኑ ያልፋል፣ ሥራ የለም። ሁሉም በአካል አለ፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ዋተርስ ይህንን አይቶ «እንግዲያው የምንሠራው ስለዚሁ ይሁን» ወደሚል ውሳኔ ደረሰ። በዚያን ጊዜ «ሻይን ኦን» የአንድ ሰው መታሰቢያ መሆኑ ቀርቶ የአልበሙ ሁሉ ቅጥር ሆነ፤ ባሬት የሌለበት ቦታና እነርሱ ራሳቸው የሌሉበት ቦታ አንድ ላይ ተሰፉ። በመካከሉ የገቡት ሁለት ዘፈኖች ሰውን ከሙዚቃው ስለሚያጠፋው የንግድ ዓለም ናቸው፤ «ሃቭ ኤ ሲጋር» ውስጥ የሚናገረው የኩባንያ ሹም ባንዱን አወድሶ ሳይጨርስ፣ «ፒንክ» የአንዱ ሙዚቀኛ ስም መስሎት፣ ከመካከላችሁ ፒንክ የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃል። ይህን ዘፈን የዘፈነው እንኳ የባንዱ አባል አይደለም። የዋተርስ ድምፅ ተዳክሞ ስለነበር፣ ጊልሞርም በግጥሙ ምሬት ስላልተስማማ፣ በዚያው ሕንፃ የራሱን አልበም ይቀርጽ የነበረው ሮይ ሃርፐር ገብቶ ዘፈነላቸው። ስለ መታጣት በተሠራ አልበም ላይ ዘፋኙም ከውጭ መምጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የተሰረቀብዎት ነገር ምን እንደሆነ ማሳየት የምፈልገው ግን በአንዲት ቦታ ላይ ነው። «ሃቭ ኤ ሲጋር» ሊያልቅ ሲል ሙሉው ባንድ በድንገት ተጨብጦ ትንሽ ሬዲዮ ውስጥ እንደገባ ይሆናል። ከዚያ አንድ ሰው የሬዲዮ ጣቢያ ሲቀያይር ይሰማል፤ የሰዎች ንግግር ያልፋል፣ ከቻይኮቭስኪ አራተኛ ሲምፎኒ መጨረሻ ቁራጭ ይመጣና ይሄዳል፣ በኋላ አንድ ቀጭን፣ የተፋፋቀ የጊታር ድምፅ ላይ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ያስላል፣ አፍንጫውን ይስባል፣ የራሱን ጊታር አንሥቶ ከሬዲዮው ጋር ይጫወታል፤ ይህ ሁለተኛው ጊታር ጎንዎ የተቀመጠ ያህል ቅርብ ነው። ሁለቱንም የሚጫወተው ጊልሞር ነው። አንዱ እሩቅ፣ አንዱ ቅርብ፣ በመካከላቸው ሊሻገሩት የማይችሉት ነገር አለ። ገና አንድ ቃል ሳይዘፈን ዘፈኑ የሚለውን ብሎ ጨርሷል። በዘፈኑ መጨረሻ ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ክፍል 6 የሚጀምረው ከዚያ ነፋስ ውስጥ ነው። ወዳጅዎ ሁለቱን ቁራጮች ሲያጋጥሙ ነፋሱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ክራርና ጊታር፦

ከላይ የተጻፈውን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ እኔ ግን ክራር ስለምደረድርና ጊታርም ስለምጫወት ነገሩን በኖታ በኩል ልየው።

ሙዚቃው የሚጀምረው በጂ ማይነር፣ ማለትም ሐዘን በሚያሰማ የፈረንጅ ቅኝት፣ በተዘረጋ የሲንተሳይዘር (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ድምፅ ነው። ከሥሩ የሚሰማው ጭላንጭል ድምፅ የወይን ብርጭቆ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ባንዱ በ1973 መጨረሻ ላይ በቤት ዕቃ ብቻ፣ በላስቲክና በብርጭቆ፣ አልበም ለመሥራት ሞክሮ ነበር፤ ሐሳቡ ሲቀር በእርጥብ ጣት የብርጭቆ ከንፈር በማሸት የተቀረጸው ድምፅ እዚህ ገባ። አራተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል ጊልሞር ብቻውን አራት ኖታ ይመታል፦ ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኢ። ይመታቸውና እስኪጠፉ ይተዋቸዋል፤ ደግሞ ይመታቸዋል። ጊልሞር በልምምድ ላይ ሳለ ያገኛቸው እነዚህ አራት ኖታዎች ናቸው ዋተርስን ስለ ባሬት እንዲጽፍ ያነሣሡት።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉን ለረጅም ጊዜ ስጠይቅ ኖሬ መልሱን ያገኘሁት ክራሬን ስቃኝ ነው። ትዝታ ሜጀርን ከኤፍ ብንጀምር ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ እና ዲ እናገኛለን። ቢ ፍላትና ኢ የሉም። ጊልሞር የሚነሣበትና የሚያርፍበት ኖታዎች ቅኝቱ የሚያስቀራቸው እነዚያው ሁለቱ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትራይቶን፣ ማለትም ሦስት ሙሉ ቶን ነው፤ ትዝታ ሜጀር ላይ ይህ ርቀት ፈጽሞ አይገኝም፤ ለዚህም ነው ትዝታ ሲሰሙት የትኛውም ክር ላይ ቢቆሙ ጆሮ የማይጎረብጠው። ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህንን አልበም «የፈረንጅ ትዝታ» ሲሉት እሰማለሁ፤ ስሜቱን እረዳለሁ፣ ግን አልስማማም። የእኛ ትዝታ የሄደውን ሰው እያነሣ ይቆዝማል፣ በቁዘማውም ውስጥ ማረፊያ ያገኛል። እነዚህ አራት ኖታዎች ግን አያርፉም፤ የመጨረሻዋ ኢ ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ በር እንደሚያይ ሰው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ድምፃውያኑ መዘመር የሚጀምሩት ከስምንት ደቂቃ ተኩል በኋላ ነው። ዋተርስ ይመራል፣ ቬኔታ ፊልድስና ካርሊና ዊልያምስ ያጅባሉ፣ ከዚያ የዲክ ፓሪ ሳክስፎን ተቀብሎ ያወጣዋል። ያው ዜማ በክፍል 7 በአዲስ ግጥም ይመለሳል። በአልበሙ ላይ በሁለቱ መካከል ሦስት ዘፈኖች፣ 18 ደቂቃ ያህል አልፈዋል፤ ስለዚህ ዜማው ሲመጣ የጠፋ ሰው ደጁ ላይ የቆመ ያህል ጆሮ ይደነግጣል። በተጋጠመው ቅጂ ግን ያው ዜማ የሚቀጥለው አዝማች ብቻ ነው። ጠያቂው የተሰማዎት ይህ ይመስለኛል፤ ልማድ አይደለም።

እንዲያም ሆኖ ወዳጅዎን ሙሉ በሙሉ አልነቅፍም። ሙዚቃውን ለማጥናት የተጋጠመው ቅጂ ይጠቅማል፤ የጊልሞር ጊታር ከክፍል 2 ጥራት ተነሥቶ በክፍል 6 ላይ በላፕ ስቲል (ጭን ላይ አጋድመው በሚጫወቱት ጊታር) እስከ ጩኸት የሚደርስበትን መንገድ በአንድ መቀመጫ ያሳያል። ክፍል 8 ግን በየትኛውም ቅጂ ቢሆን ከሌሎቹ የላላ ሆኖ ነው የሚሰማኝ፤ ምቱ ጥሩ ነው፣ የሚሄድበት ቦታ ግን የለውም።

የሌሊት ፈረቃ፦

ሁላችሁም ስለ ሙዚቃው በሚገባ ጽፋችኋል፤ እኔ ስለ ሰውየው ትንሽ እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም ይህ አልበም በተነሣ ቁጥር የሚነገረው ታሪክ አነጋገሩ ልቤን ያሳዝነዋል።

ጁን 5 ቀን 1975 ባንዱ አቢ ሮድ ውስጥ እየሠራ ሳለ አንድ ሰው ገባ። ሰውነቱ ወፍሯል፣ ፀጉሩንና ቅንድቡን ተላጭቷል፣ በእጁ የፕላስቲክ ከረጢት ይዟል። አብረውት ያደጉትና አብረውት የተጫወቱት ሰዎች ለጊዜው ማን እንደሆነ አላወቁም። ሲድ ባሬት ነበር። ዋተርስ ሲያውቀው እንዳለቀሰ ተነግሯል። በዚያች ሰዓት የሚሠራው የትኛው ሙዚቃ እንደነበር፣ ባሬት ምን እንዳለ፣ እዚያ የነበሩት ሰዎች አንዱ የሚያስታውሰውን ሌላው በሌላ መልክ ያስታውሰዋል፤ ስለዚህ «ስለ እርሱ የተጻፈው ዘፈን እየተሰማ ሳለ ገባ» የሚለውን እንደ ተረት አሳምሮ መናገር የለብንም ባይ ነኝ። የማይካደው በቂ ነው። ሰውየው ያን ቀን 29 ዓመቱ ነበር።

እኔ በሥራዬ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎችና ቤተሰቦቻቸውን በየቀኑ አያለሁ። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያዝነው ለሁለት ሰው ነው፤ ፊቱ ለተቀመጠውና ቀድሞ ያውቀው ለነበረው። በዚህ አልበም የማከብረው ነገር ይህንን ሁለትነት ሳያድበሰብስ ማስቀመጡ ነው። ዋተርስና ጊልሞር ከባሬት ጋር በካምብሪጅ ያደጉ ናቸው፤ ጊልሞር ባንዱን የተቀላቀለው የባሬትን ቦታ ለመደገፍ፣ በኋላም ለመተካት ነበር። ያም ሆኖ ባሬት ለብቻው በ1970 ያወጣቸውን ሁለቱንም አልበሞች ሲሠራ ከጎኑ ሆኖ አግዞታል። ስለዚህ ጊታሩ በእነዚያ አራት ኖታዎች የሚጠራውን ሰው በእጁ ያውቀዋል። ባሬት ከዚያ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ፣ ሥዕል እየሣለና አትክልት እየተንከባከበ ኖሮ፣ በጁላይ 2006 በ60 ዓመቱ አረፈ። ከ1975 በኋላ 31 ዓመት ኖሯል። ብዙ ጸሐፊ ስቱዲዮው ውስጥ ታሪኩን ይጨርስበታል፤ እባካችሁ እኛ እንዲያ አናድርግ።

ባለካሴቱ፣ የተቀዳ ካሴት ስለነበረዎት ሽፋኑን በጊዜው ላያዩት ይችላሉ ብዬ አስባለሁ። ሁለት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች ይጨባበጣሉ፤ አንደኛው በእሳት ይነድዳል። በካሊፎርኒያ በዋርነር ብራዘርስ የፊልም ግቢ የተነሣ ነው፤ ሰውየው በእውነት ተቃጥሏል፣ ከልብሱ ሥር እሳት መከላከያ ለብሶ። በአንዱ ሙከራ ነፋስ ነበልባሉን ወደ ፊቱ መልሶት ጢሙን አቃጥሎታል። ሽፋኑን የሠራው ሂፕኖሲስ የተባለው ቡድን፣ በተለይም ስቶርም ቶርገርሰን፣ ይህን ሁሉ ደክሞ ሥዕሉን በጥቁር ፕላስቲክ አሽጎ ነው ለገበያ ያወጣው። ሸክላውን የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥቁር ፕላስቲክና በላዩ የተለጠፉ ሁለት የሚጨባበጡ የብረት እጆችን ነበር። ፕላስቲኩን ካልቀደዱት ሥዕሉ የለም።

ባለካሴቱ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሽፋኑን በእርግጥም ያየሁት ካሴቱን ካገኘሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ነፋሱን በተመለከተ የተጻፈው ደግሞ ትክክል ነው፤ ዛሬ ጠዋት በጆሮ ማዳመጫ ሳረጋግጥ የተጋጠመው ቅጂ ላይ ክፍል 6 ከባዶ ሜዳ የተነሣ መሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የእኔ ካሴት ይቆም የነበረው በክፍል 9 ላይ ነው። ይህ ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ሐዘን አለው፤ ጊታሩ ሄዷል፣ ግጥም የለም፣ ከበሮው እንደ ቀብር ሰልፍ ይራመዳል። ሌሎች ስለዚህ ክፍል ሲጽፉ አላየሁም። ምን የምታውቁት ነገር አለ?

የሸክላ ወዳጅ፦

ክፍል 9 የራይት ብቻ ነው፤ በደራሲነት የተመዘገበው ስም የእርሱ ነው። ጊልሞርና ዋተርስ ሲከራከሩ ድምፁ ስለማይሰማ ሰዎች ይረሱታል እንጂ፣ አልበሙን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ኪቦርዱ ነው። ራይት በሴፕቴምበር 2008 ዐርፏል።

የካሴትዎ ቁልፍ የተነሣበትን ቦታ በግምት አውቀዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ስላነበብሁት አዝኛለሁ። ሙዚቃው ሊጠፋ ሲል ከማይነር ወጥቶ ብሩህ ወደሆነው ወደ ጂ ሜጀር ይሸጋገራል። ሁሉም ነገር እየራቀ ሳለ፣ ድምፁን ከፍ ካላደረጉ በማይሰማበት ቦታ ላይ፣ ራይት በሲንተሳይዘር አንዲት አጭር ዜማ ያስገባል። ዜማዋ በ1967 ባሬት ጽፎ ለባንዱ የዘፈነው የ«ሲ ኤሚሊ ፕሌይ» ናት። 13 ደቂቃ በፊት፣ 12 ደቂቃ በኋላ ስለ እርሱ ተጫውተው፣ በመጨረሻ የተሰማው የእርሱ የራሱ ዜማ ነው። ሁለቱ ቁራጮች በአልበሙ ሁለት ጫፍ ላይ ባይሆኑ ኖሮ ይህች ዜማ በመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ትቀር ነበር፤ ከእርሷም በኋላ ሌላ ዘፈን ይመጣ ነበር። አሁን ግን ከእርሷ በኋላ የሚሰማ ምንም የለም።

ባለካሴቱ፦

ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ መብራት አጥፍቼ ሙሉውን ሰማሁት። ክፍል 9 ላይ ስደርስ ጣቴ ቁልፉን የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሳይነሣ አለፈ፤ ሙዚቃውም ወደ ሜጀር ዞረ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁና ዜማዋን አገኘኋት። አምስት ሰከንድ የማትሞላ ነገር ናት።

ወንድሜ ሩቅ አገር ነው የሚኖረው፤ በእርሱ ዘንድ ገና ቀን ስለነበር ወዲያው ደወልሁለትና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አስጠግቼ የመጨረሻዋን ደቂቃ አሰማሁት። ዝም ብሎ ሰማ። «ድገመው» አለኝ፤ ደገምሁለት። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «ይሄ እኮ በእኛ ካሴት ላይ አልነበረም» አለ።